የካምፓላው ‘አውሬ’ እና የስድስት ፓውንድ ልዩነት፦ ቦክሰኞች ክብደት ሲጨምሩ የቡጢያቸው ኃይል ምን ይሆናል?

እአአ በመጋቢት 1986 በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ፣ ሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ቅጥር ግቢ በተተከለ የቦክስ መድረክ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆሙ። አንደኛው ከ1980 ጀምሮ የመካከለኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አሜሪካዊው ማርቪን ሃግለር ነው። ሌላኛው በቅጽል ስሙ ‘አውሬው’ የሚባለው የካምፓላ ተወላጅ ጆን ሙጋቢ ነበር።

ሙጋቢ እስከዚያች ምሽት ድረስ በፕሮፌሽናል ቦክስ ተሸንፎ አያውቅም። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው የድሎቹ ዓይነት ነው። ከ25 ያላነሱ ተጋጣሚዎቹን በሙሉ ያሸነፈው የመጨረሻው ደወል ሳይደወል ነበር። ከቡጢው ፊት እስከ ፍጻሜው የቆመ አንድም ሰው አልነበረም።

ሃግለር ግን ቆመ። ዓይኑ እስኪያብጥ ድረስ ከባድ ምቶችን ተቀበለ፤ ወደ ኋላ ግን አላለም። በ11ኛው ዙር ወለል ላይ የወደቀው ሙጋቢ ነበር፤ ዳኛው ቆጥሮ ሲጨርስም አልተነሳም።

ሙጋቢ ስሙን የተከለው በዋናነት ቀላል መካከለኛ በሚባለው የ154 ፓውንድ (69.9 ኪሎ ግራም) ምድብ ነው። የሃግለር ምድብ ጣሪያ ደግሞ 160 ፓውንድ (72.6 ኪሎ ግራም) ነው። ልዩነቱ ስድስት ፓውንድ፣ ማለትም ሦስት ኪሎ እንኳ የማይሞላ ክብደት ነው። ሙጋቢ ከዚያ በፊት በ160 ፓውንድ የሚጫወቱ ቦክሰኞችን ገጥሞ አሸንፏል። የምድቡን ቁንጮ ሲገጥም ግን ቡጢው እንደ ቀድሞው አልሠራለትም።

ለመሆኑ ቦክሰኛ ወደ ላይኛው ምድብ ሲወጣ የቡጢው ኃይል ይቀንሳል? ይጨምራል? ወይስ እንዳለ ይቆያል? ጥያቄው ለስፖርቱ ወዳጆች የክርክር ርዕስ ብቻ አይደለም። ለቦክሰኛው የገቢ፣ የጤና፣ አንዳንዴም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከቡጢው ጀርባ የሚሰለፈው ክብደት

የቡጢ ኃይል በሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል። አንደኛው እጅ የሚወረወርበት ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ምቱ በሚያርፍበት ቅጽበት ከእጁ ጀርባ ተሰልፎ የሚገፋው የሰውነት ክብደት ነው።

ይህ ሁለተኛው የቦክሰኛው ሙሉ ክብደት አይደለም። ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰማንያ ኪሎውን በሙሉ በተጋጣሚው አገጭ ላይ ማሳረፍ አይችልም። እአአ በ2005 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በኦሊምፒክ ደረጃ ያሉ ሰባት ቦክሰኞችን ቡጢ ለክቶ ነበር። ከእጁ ጀርባ የተሰለፈው ክብደት በአማካይ 2.9 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የእጁ ፍጥነት በሰከንድ 9 ሜትር ያህል፣ የምቱ ኃይል ደግሞ ወደ 3,400 ኒውተን ሆኖ ተገኝቷል።

በጥናቱ ከተለኩት መካከል የ51 ኪሎ ቦክሰኛም ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝንም ነበሩ። ከባዶቹ ከቀላሎቹ የበለጠ ኃይል ነበራቸው። ምክንያቱ ግን በዋናነት እጃቸው መፍጠኑ ሳይሆን ከእጃቸው ጀርባ የሚሰለፈው ክብደት መብለጡ ነበር።

ታዲያ ክብደት የጨመረ ሁሉ ቡጢው ይከብዳል ማለት ነው? አይደለም። ጥያቄው የተጨመረው ክብደት ከምቱ ጋር አብሮ ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

እአአ በ1985 በሶቪየት ኅብረት የተደረገ ጥናት ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል። ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ ቦክሰኞች ከቡጢያቸው ኃይል 39 በመቶ ያህሉን የሚያገኙት እግራቸው መሬትን ሲገፋ ነው። ቀሪው ከወገብና ከትከሻ መዞር እንዲሁም ከክንድ መዘርጋት ይመጣል። በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ባሉት ግን የእግር ድርሻ 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እነዚህኞቹ ይበልጥ የሚተማመኑት በክንዳቸው ነው።

ስለዚህ አንድ ቦክሰኛ በደረቱና በክንዱ ላይ ሦስት ኪሎ ጡንቻ ቢጨምርና እግሩ ቢዘገይ፣ ሚዛን ላይ የታየው ጭማሪ በቡጢው ላይ ላይታይ ይችላል።

ሌላም የተፈጥሮ ሕግ አለ። የጡንቻ ጉልበት የሚያድገው ከክብደት ጋር እኩል ሳይሆን ከጡንቻው ውፍረት ስፋት ጋር ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከ154 ወደ 160 ፓውንድ የወጣ ቦክሰኛ ክብደቱ በ4 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ጉልበቱ የሚጨምረው ከ3 በመቶ ባነሰ ነው። ያም ቢሆን የተጨመረው ሁሉ ጡንቻ ሲሆን ነው። አዲሱን ጡንቻ ለ12 ዙር የሚሸከመው ደግሞ ያው የቀድሞው ልብና ሳንባ ነው።

የሚቀበለውስ?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ መቺው ነው። ትልቁ ለውጥ የሚታየው ግን በተመቺው በኩል ነው።

ሰው በቡጢ ራሱን የሚስተው በአብዛኛው ጭንቅላቱ በድንገት ሲዞር ነው። አገጭ ላይ ያረፈ ምት ጭንቅላትን ያዞራል፤ በውስጡ ያለው አንጎል ደግሞ ከእንቅስቃሴው ጋር እኩል መሄድ ስለማይችል ይጠማዘዛል። ያኔ እግር ይከዳል።

ያው አንድ ምት ቀላል ጭንቅላትን በፍጥነት፣ ከባድ ጭንቅላትን ደግሞ በዝግታ ያንቀሳቅሳል። በላይኛው ምድብ ያለ ቦክሰኛ ብዙውን ጊዜ አጥንቱ ሰፊ፣ አንገቱም ወፍራም ነው። ምቱን አስቀድሞ ካየው አንገቱን አጠንክሮ፣ ጭንቅላቱን ከትከሻው ጋር አያይዞ ይቀበለዋል።

ሙጋቢ በላስ ቬጋስ የገጠመው ይህንኑ ነው። ቡጢው ከእጁ ጠፍቶ አልነበረም፤ ያበጠው የሃግለር ዓይን ምስክር ነው። የተለወጠው ቡጢው ያረፈበት ሰው ነበር። ሃግለር ሙሉ የሙያ ዘመኑን በመካከለኛ ሚዛን ያሳለፈ፣ በዝረራም ተሸንፎ የማያውቅ ቦክሰኛ ነው።

ከአንድ ዓመት በፊትም ሌላ ኃይለኛ መቺ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞት ነበር። አሜሪካዊው ቶማስ ኸርንስ እአአ በሰኔ 1984 በ154 ፓውንድ ሮቤርቶ ዱራንን በሁለተኛው ዙር ዘርሮታል። ከአሥር ወራት በኋላ ወደ 160 ፓውንድ ወጥቶ ሃግለርን ገጠመ። በመጀመሪያው ዙር ያለውን ሁሉ ወረወረ፤ ሃግለር ግን ተቋቁሞ በሦስተኛው ዙር አሸነፈው። የኸርንስ ቀኝ እጅም በዚያው ግጥሚያ ተሰብሯል።

አብሮ የሚወጣውና ታች የሚቀረው

ይህ ማለት ግን ከታች የመጣ ቡጢ ሁልጊዜ ይከሽፋል ማለት አይደለም። ካምፓላ ለዚህም ምሳሌ አላት።

አዩብ ካሉሌ በአማተርነት ዘመኑ ከትልልቆቹ የዩጋንዳ ቦክሰኞች አንዱ ነበር። እአአ በ1974 በክራይስትቸርች የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በ60 ኪሎ ወርቅ አጠለቀ። በዚያው ዓመት ሃቫና ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም አማተር ሻምፒዮና በ63.5 ኪሎ አሸነፈ። ከዚያ መቀመጫውን ዴንማርክ አድርጎ ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1979 ጃፓን ውስጥ ማሳሺ ኩዶን በነጥብ ረትቶ የ154 ፓውንድ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃ።

ካሉሌ አሥር ኪሎ የሚጠጋ ክብደት የጨመረው በአንድ ጀምበር ሳይሆን በአምስት ዓመታት ውስጥ ነው። የዓለም ቀበቶውን ያገኘውም በአንድ ከባድ ምት ሳይሆን 15 ዙር ሙሉ ነጥብ በመልቀም ነበር። ክብደቱ እያደገ ሲሄድ የሚተማመንበት ችሎታ የክብደት ምድብ አይገድበውም ነበር።

ቀበቶውን ያጣው ግን ከታችኛው ምድብ በመጣ ሰው ነው። እአአ በሰኔ 1981 የ147 ፓውንድ ሻምፒዮን የነበረው ሹገር ሬይ ሌናርድ ወደ 154 ወጥቶ ሂውስተን ውስጥ ገጠመው፤ በዘጠነኛው ዙርም አሸነፈው።

የሌናርድ ቡጢ ወደ ላይ ሲወጣ ለምን አልከሸፈም? መልሱ ያለው በፍጥነቱና በጊዜ አመራረጡ ላይ ነው። ተጋጣሚው ያላየው ምት አንገቱን እንዲያጠነክር ዕድል አይሰጠውም። በሰፊ ጡንቻና አጥንት ላይ የቆመ ጉልበት በላይኛው ምድብ የሚበልጠው አያጣም። ተጋጣሚው ክብደቱን ወደፊት ባደረገበት ቅጽበት ሳይታይ የሚያርፍ ምት ግን በየትኛውም ምድብ ይጎዳል።

ፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያዎ የሁለቱም ማሳያ ነው። እአአ በ1998 በ112 ፓውንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ የጀመረው ፓኪያዎ በስምንት የክብደት ምድቦች ቀበቶ ወስዷል። በ2009 በ140 ፓውንድ ሪኪ ሃተንን በሁለተኛው ዙር ዘርሮታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚጌል ኮቶን በ12ኛው ዙር ካሸነፈ በኋላ ግን ቀጣዩን የዝረራ ድል ለማየት እስከ ሐምሌ 2018 መጠበቅ ነበረበት። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ጊዜ አሸንፏል፤ ተጋጣሚዎቹ ግን እስከ መጨረሻው ደወል ቆመው ነበር። ፍጥነቱ አብሮት ወጥቷል፤ የመዘረር አቅሙ ግን ከተወሰነ ክብደት በላይ አልተከተለውም።

የካምፓላው ተወላጅ ካሲም ኦውማም ተመሳሳይ ግድግዳ ገጥሞታል። በልጅነቱ ወታደር እንዲሆን የተገደደው ኦውማ እአአ በ2004 የ154 ፓውንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የሚታወቀው ግን በአንድ ከባድ ቡጢ ሳይሆን ያለማቋረጥ በሚያዘንባቸው ምቶች ብዛት ነበር። በ2006 መጨረሻ ወደ 160 ፓውንድ ወጥቶ ጀርሜን ቴይለርን ሲገጥም 12ቱን ዙር በጽናት ጨረሰ። ይሁንና ከእሱ የገዘፈውን ሻምፒዮን ሊያስደነግጥ የሚችል ምት ስላልነበረው በነጥብ ተሸነፈ።

ክብደት መጨመር ቡጢን የሚያጠነክርበት ጊዜ

አንዳንድ ቦክሰኞች ወደ ላይኛው ምድብ ከወጡ በኋላ ይበልጥ ኃይለኛ ሆነው ይታያሉ። የዚህ ምስጢር ብዙውን ጊዜ ያለው በውሃ ላይ ነው።

በፕሮፌሽናል ቦክስ ክብደት የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ከግጥሚያው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ብዙ ቦክሰኞች ሚዛን ላይ ከመውጣታቸው በፊት ምግብና ውሃ ይቀንሳሉ፤ ሙቀት በበዛበት ክፍል ተቀምጠው ወይም ወፍራም ልብስ ደርበው እየሮጡ ላብ ያወጣሉ። ከተለኩ በኋላ ጠጥተውና በልተው በርካታ ኪሎዎችን መልሰው ይጨምራሉ።

በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉም ነገር አይመለስም። በድርቀት የተጎዳ ሰውነት ቶሎ ይደክማል። ሲደክም ደግሞ መጀመሪያ የሚከዳው እግር ነው፤ እግር ከከዳ የቡጢ ምንጭ ደረቀ ማለት ነው። እንዲህ ባለው ስቃይ ለዓመታት ከተፈጥሮ ክብደቱ በታች ሲታገል የቆየ ቦክሰኛ አንድ ምድብ ከፍ ሲል አዲስ ጉልበት አያገኝም። የነበረውን ጉልበት ግን ሳያባክን ወደ መድረክ ይዞ ይገባል።

የሰውነት አቋምም ወሳኝ ነው። ቶማስ ኸርንስ በሃግለር ቢሸነፍም 1.85 ሜትር ቁመት ያለው፣ ትከሻው ገና ብዙ ጡንቻ መሸከም የሚችል ሰው ነበር። ሰውነቱ ጊዜ አግኝቶ ሲደራጅ እአአ በ1987 በ175 ፓውንድ ጭምር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ተጋጣሚውን ያሸነፈውም ግጥሚያው ሳይጠናቀቅ ነው። በአንጻሩ አጭርና ቀድሞውኑ ጡንቻው የሞላ ቦክሰኛ የሚጨምረው ክብደት ብዙውን ጊዜ ከጥቅሙ ሸክሙ ያመዝናል።

ወደ ታች መመለስ ቀላል አይደለም

ከፍ ብሎ ያልተሳካለት ቦክሰኛ ወደ ቀድሞ ምድቡ ቢመለስ ኃይሉን መልሶ ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። የሙጋቢ ታሪክ ግን ይህን አያረጋግጥም።

ከሃግለር ሽንፈት ዘጠኝ ወራት በኋላ፣ እአአ በታኅሣሥ 1986 ሙጋቢ ወደ 154 ፓውንድ ወርዶ ለክፍት የዓለም ቀበቶ ከዱዌን ቶማስ ጋር ተጋጠመ። በሦስተኛው ዙር ዓይኑ ላይ ክፉኛ ተጎድቶ ተሸነፈ። ተስፋ ሳይቆርጥ በሐምሌ 1989 ፈረንሳይ ውስጥ ሬኔ ዣኮን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ተጋጣሚው በመጀመሪያው ዙር ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ነበር። በመጋቢት 1990 ግን ቴሪ ኖሪስ በመጀመሪያው ዙር ዘርሮ ቀበቶውን ነጠቀው።

ከባድ ምት የተቀበለ አካል እንደ ሚዛን መርፌ ወደ ዜሮ አይመለስም። ቦክሰኛው ኪሎውን መቀነስ ይችላል፤ በላይኛው ምድብ የተቀበላቸውን ቡጢዎች ግን መቀነስ አይችልም።

ሮይ ጆንስም ይህንኑ አይቷል። በመካከለኛ ሚዛን የጀመረው አሜሪካዊ እአአ በ2003 ጆን ሩዊዝን በነጥብ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ወሰደ። ለዚያ የገነባውን ጡንቻ አራግፎ ወደ 175 ፓውንድ ከተመለሰ በኋላ በግንቦት 2004 አንቶኒዮ ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው።

ውጤቱ ከሽንፈት ሲያልፍ

እአአ በኅዳር 1991 ሙጋቢ እንደገና ወደ 160 ፓውንድ ወጥቶ ለንደን ውስጥ ጄራልድ ማክሌላንን ገጠመ። ማክሌላን በመጀመሪያው ዙር ጣለው። ወጣቱ አሜሪካዊ በዚያ ምድብ እጅግ የሚፈራ መቺ ለመሆን በቃ፤ በኋላም የዓለም ምክር ቤቱን የመካከለኛ ሚዛን ቀበቶ ሦስት ጊዜ ሲከላከል ሦስቱንም ተጋጣሚዎች በመጀመሪያው ዙር አሸንፏል።

በየካቲት 1995 ማክሌላን በተራው ወደ 168 ፓውንድ ከፍ አለ። ተጋጣሚው የምድቡ ሻምፒዮን እንግሊዛዊው ናይጀል ቤን ነበር። እንደ ልማዱ በመጀመሪያው ዙር ቤንን መትቶ በገመዶቹ መካከል ከመድረኩ ውጪ ጣለው። በ160 ፓውንድ ቢሆን ምናልባት ግጥሚያው በዚያው ያበቃ ነበር። ቤን ግን ተመልሶ ገባ።

ግጥሚያው እስከ አሥረኛው ዙር ቀጠለ። ረጅም ግጥሚያ ያልለመደው ማክሌላን ተዳክሞ ተንበረከከና ተሸነፈ። በአንጎሉ ውስጥ ደም ረግቶ ስለነበር በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሕይወቱ ቢተርፍም የዓይን ብርሃኑን አጣ፣ ለዘለቄታውም የሰው ረዳት የሚያስፈልገው ሆነ።

ለጉዳቱ አንድ ብቻ ምክንያት መስጠት አይቻልም። ነገር ግን በዝረራ የለመደ ቦክሰኛ ወደ ላይ ሲወጣ የሚጋረጥበትን አደጋ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ቡጢው ተጋጣሚውን ቶሎ የማይጥል ከሆነ ግጥሚያው ይረዝማል። ሲረዝም ደግሞ ከእሱ የከበደ ሰው የሚወረውረውን ቡጢ ለብዙ ዙሮች ይቀበላል። የኃይል መቀነስ የሚያስከፍለው ዋጋ የሚታየው በሚመታው ብቻ ሳይሆን በሚመታበት ጊዜ ርዝመትም ነው።

ለዛሬዎቹ የካምፓላ ቦክሰኞች ምን ማለት ነው?

ዩጋንዳ በኦሊምፒክ ቦክስ አራት ሜዳልያዎች አሏት። ኤሪዳዲ ሙክዋንጋ እና ሊዮ ርዋብዎጎ በ1968 ሜክሲኮ ላይ የብርና የነሐስ፣ ርዋብዎጎ እንደገና በ1972 ሙኒክ ላይ የብር፣ ሙጋቢ ደግሞ በ1980 ሞስኮ ላይ በ67 ኪሎ የብር ሜዳልያ አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ በዚህ ስፖርት የኦሊምፒክ ሜዳልያ አላየችም።

የስፖርቱ ፍቅር ግን አልጠፋም። በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲና በሙላጎ ሆስፒታል መካከል በሚገኘው ካታንጋ በተሰኘው የተጨናነቀ ሰፈርም ሆነ በናጉሩ፣ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ዛሬም ጓንት ያጠልቃሉ። ለብዙዎቹ ቦክስ ከድህነት መውጫ መንገድ ነው። በመሆኑም ገንዘብ ያለበት ግጥሚያ ሲመጣ ምድቡ የእነሱ ባይሆንም እንኳ እምቢ ማለት ይከብዳል።

በአማተሮች ዘንድ ዝላዩ ከፕሮፌሽናሎቹም ይሰፋል። በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የወንዶች ምድብ ከ71 ኪሎ ቀጥሎ የነበረው 80 ኪሎ ነው፤ የሴቶቹም ከ66 ወደ 75 ኪሎ ይዘላል። ሙጋቢን ከሃግለር የለየው ሦስት ኪሎ ያልሞላ ክብደት ከነበረ፣ ዘጠኝ ኪሎ ምን ያህል ርቀት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ከእነዚህ ታሪኮች ለአሠልጣኝም ለቦክሰኛም የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። ቀስ ብሎ፣ በወራትና በዓመታት የመጣ ክብደት ከምቱ ጋር ይስማማል፤ ለአንድ ግጥሚያ ተብሎ በጥድፊያ የተጨመረ ግን እግርን ያስራል። ከላይኛው ምድብ ጋር ለመለማመድ ሲታሰብ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ‘ምን ያህል እመታለሁ?’ የሚለው ሳይሆን ‘ምን ያህል እቀበላለሁ?’ የሚለው ነው። ክንድን ከማሳበጥ ይልቅም እግርን፣ ወገብንና አንገትን ማጠንከር፣ ፍጥነትን ሳይጥሉ መቆየት ይበጃል።

ሚዛኑ የሚናገረው ቦክሰኛው ስንት ኪሎ እንደሆነ ብቻ ነው። ከኪሎው ስንቱ ከቡጢው ጋር እንደሚወረወር፣ ስንቱ ደግሞ በድካም ሰዓት ሸክም እንደሚሆን የሚታወቀው ተጋጣሚው ከባዱን ምት ተቀብሎ ቆሞ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ሌላ ዕቅድ የሌለው ቦክሰኛ የሚተማመንበት ነገር አይኖረውም።